ሚዛኑ ለምን ይቆማል?

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበሩት ኤድዋርድ ሜሰን አንድ ነገር ትኩረታቸውን ሳበው። በጨጓራ ቁስለት የተነሳ አብዛኛው የጨጓራቸው ክፍል ተቆርጦ የወጣላቸው ሕሙማን ይከሳሉ፤ ከከሱም በኋላ መልሰው አይወፍሩም። ለቁስለት ሐኪም ይህ የሚያሳስብ ነገር ነበር፤ ሕመምተኛው ሰውነቱ እንዲመለስለት ነው የሚፈልገው። ሜሰን ግን ነገሩን ገልብጠው አዩት። ለቁስለተኛው ጉዳት የሆነው፣ ውፍረት መራመድና መተንፈስ ለከለከለው ሰው መድኃኒት ቢሆንስ?

ከእሳቸው በፊት የተሞከረ ሌላ መንገድ ነበር። በ1950ዎቹ ሚኒሶታ ውስጥ የታሰበው ቀዶ ሕክምና ጨጓራውን ሳይነካ፣ አብዛኛውን ትንሹን አንጀት ከምግብ መተላለፊያነት ያስወጣ ነበር። ሕሙማኑ በርግጥ ከሱ። ውሎ አድሮ ግን ተቅማጡ አልቆም አለ፣ ኩላሊታቸው ጠጠር ያዘ፣ የአንዳንዶቹ ጉበት ተበላሸ፣ የሞቱም ነበሩ። ያ መንገድ በኋላ ተዘጋ።

በ1966 ሜሰን ከባልደረባቸው ከቺካሺ ኢቶ ጋር ሆነው የጨጓራውን የላይኛ ክፍል ለብቻው ለይተው ከትንሹ አንጀት ጋር በቀጥታ አገናኙት። ሕሙማኑ ከሱ። ማብራሪያውም ቀላል መሰለ፦ ጨጓራው ትንሽ ስለሆነ ሰውየው ትንሽ ይበላል፤ ትንሽ ስለሚበላ ይከሳል። ለዓመታት ሁሉም በዚህ ረካ። ሆኖም በሕሙማኑ ላይ ከዚህ ማብራሪያ ጋር የማይታረቁ ሁለት ነገሮች ይታዩ ነበር።

የመጀመሪያው ሚዛኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውነት ያከማቸው ስኳር አብሮት ከያዘው ውሃ ጋር ስለሚወጣ ኪሎው ቶሎ ቶሎ ይወርድ ነበር። ቀጥሎ ፍጥነቱ በየወሩ እየረገበ ሄደ። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ቆመ። ጨጓራው ያው ትንሽ ነው፤ ሰውየውም ገና የሚያጣው ስብ አለው። አንዱ 75 ኪሎ ላይ ቆመ፣ ሌላው 95 ላይ። ሁለተኛው ደግሞ ረሃቡ ነው። በአመጋገብ ብቻ የከሳ ሰው በከሳ ቁጥር ረሃቡ ይብስበታል። እነዚህ ግን ያን ሁሉ ኪሎ አጥተውም እንደ ድሮው አይርባቸውም ነበር። ለቆመው ሚዛን ብዙ ሰው ተጠያቂ ለማግኘት አልተቸገረም፤ ሕመምተኛውን ተጠያቂ አደረገው። ፈቃዱ ደክሟል፣ ተደብቆ ይበላል ተባለ። ይህ ፍርድ ብዙ ሰው አስለቅሷል።

የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ስለ ውፍረት ፈጽሞ ከማያስቡ ሰዎች ነው። ኦሳካ፣ ጃፓን ውስጥ ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ የሚባሉ ተመራማሪዎች የአንድ ጓጉንቸር ቁልፍ ይፈልጉ ነበር። በአንጎል ውስጥ የዕድገት ሆርሞን እንዲመነጭ የሚያደርግ ተቀባይ በ1996 ተገኝቷል፤ በተፈጥሮ የሚከፍተው ንጥረ ነገር ግን አይታወቅም። ተቀባዩ አንጎል ውስጥ ስለሆነ ቁልፉም ከአንጎል እንደሚገኝ ብዙዎች ገመቱ። ፍለጋው ባዶ እጅ አስቀረ። ኮጂማና ባልደረቦቻቸው ከአይጥ የተለያዩ የአካል ክፍሎች የተጨመቀውን ሁሉ መፈተሽ ጀመሩ። ከሁሉ ይልቅ ተቀባዩን የቀሰቀሰው ማንም ያልጠበቀው ሆነ፦ ከጨጓራ የመጣው ጭማቂ።

ደስታው ግን አልቆየም። ንጥረ ነገሩን አጣርተው 28 አሚኖ አሲዶች እንዳሉት አወቁ፤ ያንኑ ቅደም ተከተል ተከትለው በቤተ ሙከራ ሠሩት፤ የሠሩት ግን አልሠራም። ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ ሆኖ ሳለ ተቀባዩን አልቀሰቀሰም። ሁለቱን ሲመዝኗቸው ዋናው ትንሽ ከበደ። ልዩነቱን ተከትለው ሲሄዱ፣ ሦስተኛው አሚኖ አሲድ ላይ አጭር የስብ አሲድ ተለጥፎ አገኙት። ያችን ሲጨምሩ ቅጂው ሕያው ሆነ። በታኅሣሥ 1999 ግኝታቸውን አሳተሙ፤ ስሙንም ግሬሊን አሉት። ብዙ ሳይቆይ ግሬሊን ረሃብን የሚቀሰቅስ ሆርሞን መሆኑ ታወቀ።

በሲያትል የሚሠሩት ዴቪድ ከሚንግስ ይህን ይዘው ወደ ሜሰን እንቆቅልሽ ተመለሱ። 13 ወፍራም ሰዎች ለስድስት ወር በአመጋገብ ብቻ ከክብደታቸው 17 በመቶ ቀነሱ፤ በደማቸው ያለው ግሬሊን በ24 በመቶ ጨመረ። ሰውነታቸው ያጣውን ለማስመለስ ረሃብን ይጠራ ነበር ማለት ነው። ከዚያ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን አምስት ሰዎች መረመሩ። ግሬሊናቸው መደበኛ ክብደት ካላቸው ሰዎች በ77 በመቶ ያነሰ ነበር። ጥናቱ በ2002 ሲታተም ብዙዎች እንቆቅልሹ ተፈታ አሉ።

አልተፈታም። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሲለኩ አንዱ ዝቅ ብሎ አገኘው፣ ሌላው እንዳለ፣ ሌላው ጭራሽ ጨምሮ። ግሬሊን የታሪኩ ክፍል ነው እንጂ ታሪኩ ሁሉ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ኒው ዮርክ ላይ አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ። በማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ሚሼል ጋኜ እጅግ ከባድ ለሆኑ ሕሙማን ጨጓራንም አንጀትንም የሚነካ ቀዶ ሕክምና ያደርጉ ነበር። ለአንዳንዶቹ በአንድ ጊዜ መሥራቱ አደገኛ ሆነ። ስለዚህ ለሁለት ከፈሉት፤ መጀመሪያ ጨጓራውን ቆርጦ ቀጭን ቱቦ ማድረግ፣ ሕመምተኛው ሲቀል ደግሞ መልሶ አንጀቱን መሥራት። ከሕሙማኑ አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ብቻ ብዙ ስለከሱ ሁለተኛው ሳያስፈልጋቸው ቀረ። ለጊዜያዊነት የታሰበው እርምጃ ራሱን የቻለ ሕክምና ሆነ፤ ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራው የውፍረት ቀዶ ሕክምና እሱ ነው። አንጀት ስለማይነካ ለተመራማሪዎች ጥያቄውን ግልጽ አደረገላቸው፤ ሚዛኑን የሚያቆመው የጨጓራው መጠን ነው ወይስ ሌላ?

መልሱን የፈለጉት በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የራንዲ ሲሊ ቡድን አባላት ናቸው። የሰቡ አይጦችን ጨጓራ እንደ ሰዎቹ ቆርጠው ቱቦ አደረጉት። አይጦቹ ከሱ፣ ከዚያ አንድ ክብደት ላይ ረጉ። በዚህ ጊዜ ተመራማሪዎቹ ቀላል ግን ብልህ ነገር አደረጉ፦ ምግባቸውን ቀንሰው ከረጉበት በታች አከሷቸው። ቀጥሎም ምግቡን እንደልብ ለቀቁላቸው። ቁልፉ የጨጓራው ጥበት ከሆነ አይጦቹ ብዙ መብላት አይችሉም፤ በከሱበት ይቀራሉ። ሰውነት ራሱ የሚጠብቀው ክብደት ካለ ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

አይጦቹ በሉ። ከቀድሞው አብልጠው በሉ፤ ትንሹ ጨጓራ አላገዳቸውም። ክብደታቸው ወጣ፣ ወጣ፣ ቀድሞ የረጉበት ሲደርስ ቆመ። በ2010 የታተመው ይህ ሙከራ የአሮጌውን ማብራሪያ መሠረት አናጋ። ቀዶ ሕክምናው ሰውነት የሚጠብቀውን ክብደት ዝቅ አድርጎታል እንጂ አፍን አላሰረም። አይጡ ከዚያ በታች ሲወርድ ረሃብ ይመልሰዋል፤ እዚያ ሲደርስ ረሃቡ ይተወዋል። የሚዛኑ መቆም የሕክምናው መክሸፍ ሳይሆን ወደታሰበበት መድረሱ ነበር።

ቡድኑ በዚህ አላበቃም። ግሬሊን እንዳይኖራቸው ተደርገው የተፈጠሩ አይጦችን ቀዶ ሕክምና አደረጉላቸው፤ እነሱም እንደሌሎቹ ከሱ። በ2014 ደግሞ የሐሞት አሲድን መልእክት የሚቀበለው ተቀባይ የሌላቸውን ሞከሩ። እነዚህ መጀመሪያ ከስተው በሳምንታት ውስጥ መልሰው ወፈሩ። ለረጅም ጊዜ የምግብ ከረጢት ብቻ ተደርጎ የታየው ጨጓራ፣ ከሐሞትና ከአንጀት ጋር ሆኖ አንጎልን የሚያናግር ሆኖ ተገኘ።

በሰዎችም ላይ ረጅሙ ምስክር ስዊድን ውስጥ ነበር። ላርስ ሾስትሮም በ1987 የጀመሩት ጥናት ከ4,000 በላይ ሰዎችን ለዓመታት ተከታተለ። የሜሰን ዓይነት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው በአማካይ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ከክብደታቸው 32 በመቶ ቀነሱ። ከዚያ ክብደቱ ትንሽ ተመለሰ። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን አሁንም ከመነሻቸው 25 በመቶ ዝቅ ብለው ነበር።

እንግዲህ ቀዶ ሕክምናውን ያደረጋችሁ፣ ወይም ያደረገ ዘመድ ያላችሁ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት፣ ያ የመጀመሪያው ፈጣን መውረድ ሲያበቃ፣ ሚዛኑ ለጊዜው ቢቆም አትደንግጡ፤ ከዓመት በኋላ ቢቆምም ራሳችሁን አትውቀሱ፣ ሌላውንም አትውቀሱ። ራስን በረሃብ መቅጣት ሰውነትን እንደማያታልለው አይጦቹ አሳይተዋል። ከዓመታት በኋላ ክብደቱ በብዛት መመለስ ከጀመረ ሳታፍሩ ቶሎ ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ፤ የአንጀት ሆርሞንን ሥራ የሚደግፉ መድኃኒቶች ዛሬ አሉ።