ልጅ የሚያድግበት ሰፈር፦ ኑሮ በጎንደር ዳርቻዎች

በጎንደር ከተማ ቤት ሠርቶ ልጆቹን ለማሳደግ የሚያስብ ቤተሰብ ዛሬ በአብዛኛው ዓይኑን የሚጥለው በዳርቻዎቹ፣ በተለይም ከመሀል ከተማው በስተደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በአዘዞና በዙሪያው ነው። መሀሉ በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት፣ በቤተ መንግሥቱ ቅጥርና ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ በሠራቸው ሕንፃዎች የተያዘ በመሆኑ፣ አዲስ ጎጆ ለሚወጣ ሰው የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። ዳርቻው ግን ሰፊ ግቢ፣ ንጹሕ አየርና ጸጥታ ይሰጣል። ይሁን እንጂ አንድ ሰፈር ለልጅ አስተዳደግ የሚመቸው ቤቶቹ ስላማሩ አይደለም፤ ነዋሪዎቹ በስም ሲተዋወቁና ልጆች የሚውሉበት የጋራ መሬት ሲኖር ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ በአዲሶቹ ሰፈሮች ውስጥ ከግንባታው ኋላ እየዘገዩ የሚደርሱ፣ አንዳንዴም ጨርሶ የማይደርሱ ነገሮች ሆነዋል።

አዘዞ ራሱ የዳርቻ ኑሮ በጎንደር አዲስ ነገር እንዳልሆነ ይመሰክራል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ከማድረጋቸው አስቀድሞ አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ አዘዞ ላይ የአትክልት ስፍራና መዋኛ ያለው መኖሪያ ነበራቸው፤ በዚያው ያሳነፁት ገነተ ኢየሱስ የተባለው ቤተ ክርስቲያንም መቃብራቸው ሆኗል። የመዋኛው ፍርስራሽ በኢትዮጵያና በስፔን የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች ተጠንቷል። ስለዚህ አዘዞ ዛሬ የከተማው ዳር ይባል እንጂ በዕድሜ ከከተማው ይቀድማል።

ከተማው ከተቆረቆረ በኋላ የተመሠረቱት ሰፈሮች ደግሞ በሹመት፣ በሙያና በሃይማኖት የተለዩ ነበሩ። አቡን ቤት በጳጳሱ ዙሪያ፣ እጨጌ ቤት ደግሞ በእጨጌው፣ ማለትም በገዳማቱ አለቃ ዙሪያ የተሰበሰቡ ሰፈሮች ሲሆኑ፣ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በ1660 ዓ.ም. የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ፤ እስላም ቤት ሲባል ቆይቶ በኋላ አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር ታሪክም ከዚሁ ውሳኔ ጋር የተያያዘ ነው። ያ ሥርዓት ሰውን በእምነቱ የከፋፈለ በመሆኑ ማንም እንዲመለስ የሚመኘው አይደለም። ሆኖም ከዘመኑ አሠራር አንድ መልካም ነገር ተርፏል፤ እርሱም እያንዳንዱ ደብር በጥድና በወይራ የተሸፈነ ሰፊ ቅጽር ያለው መሆኑና ያ ቅጽር እስከ ዛሬ ለአካባቢው ልጆች ጥላ፣ ለአረጋውያን ማረፊያ፣ ለሁሉም መገናኛ ሆኖ ማገልገሉ ነው።

የመሀል ከተማውን ጉርብትና በሌላ መንገድ የቀረጸው የደርግ መንግሥት ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ያወጣው፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤትና ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ሲፈቅድ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩ ቤቶችን ቀበሌ ተብሎ ለታወቀው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር አስረከበ። በዚህም የተነሣ መምህሩና የቀን ሠራተኛው፣ ጡረተኛው ወታደርና ጠላ ሻጯ አንድ ግቢ ተጋርተው፣ በአንድ ቧንቧ ተሰልፈው ኖሩ። መጨናነቁም ሆነ የጋራ መጸዳጃ ቤቱ ችግር ቀላል አልነበረም፤ ነገር ግን ልጁ የማን እንደሆነ የማይታወቅበት ግቢ አልነበረም፤ ያጠፋውንም ልጅ ያየው ጎረቤት ሁሉ ይቆጣው ነበር።

የዛሬው የዳርቻ ሰፈር የሚወለደው ከዚህ በተለየ መንገድ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲሰጥ ሲደነግግ፣ የመኖሪያ ቦታ የሊዝ ዘመን 99 ዓመት እንዲሆን አድርጓል፤ ሊዝ ማለት መሬቱ የመንግሥት ሆኖ ሳለ ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብት ነው። ብዙ ደመወዝተኞች ግን ጨረታውን ስለማይችሉት በመኖሪያ ቤት ሥራ ማኅበር ይደራጃሉ፤ አባላቱ ገንዘብ በዝግ ሒሳብ አስቀምጠው፣ ቦታው ሲሰጣቸው ዕጣ አውጥተው ይከፋፈሉታል። ከሕጋዊው መንገድ ውጭ ደግሞ ሌሊት ስለሚሠራ የጨረቃ ቤት የሚባለው አለ፤ እርሱ ከነአፍራሽ ግብረ ኃይሉ ለብቻው ሊጻፍበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ዕጣ የደረሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዋናውን ቤት አይጀምርም። በመጀመሪያ ከግቢው ጥግ ሰርቪስ የሚባሉትን ሁለት ወይም ሦስት ክፍሎች ከጭቃ ወይም ከብሎኬት ያቆማል፣ ጣሪያውን በቆርቆሮ ያለብሳል፣ ግቢውን በቆርቆሮ ያጥራል፣ ከዚያም ኪራዩን ለመገላገል ሲል መብራት እንኳን ሳይገባለት ቤተሰቡን ይዞ ይገባል። ለዋናው ቤት የታሰበው የፊት ለፊት መሬት ለዓመታት ጎመንና ጌሾ ይበቅልበታል፤ የአሸዋና የኮረቱ ክምር የልጆች መንሸራተቻ ይሆናል። እንዲህ ያለው ግቢ ለሕፃን ልጅ ከማንኛውም ያለቀለት ቪላ የበለጠ ደስታ እንደሚሰጥ ያየ ሁሉ ያውቃል። ችግሩ የሚመጣው አጥሩ ከፍ እያለ፣ የብረት በሩም ከውስጥ መቀርቀር ሲጀምር ነው።

ከዚህ መለያየት ሰፈሩን የሚያድነው የመጀመሪያው ተቋም እድር ነው። እድር አባላቱ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ በኀዘን ጊዜ የሚረዳዱበት ማኅበር ሲሆን፣ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሳሕን በጋራ ይገዛል፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑን የሚተክለው፣ ቀባሪውን የሚያስተናግደው፣ ኀዘንተኛውን የሚያጽናናው ተራ የደረሰው አባል ነው። በአዲስ ሰፈር ውስጥ እድር የሚቋቋመው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሞት ነዋሪውን ድንገት ካስደነገጠው በኋላ ነው፤ ድንኳን ከሩቅ ሰፈር በተውሶ የመጣበት፣ ጎረቤት የሟቹን የአባት ስም የጠየቀበት ያ ቀን ሁሉንም ያሳፍራል፣ በሚቀጥለው እሑድም መዝገብ ይከፈታል። ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ስልክ ቁጥር የሚጻፍበት ያ መዝገብ ለሰፈሩ ከኀዘን ያለፈ ጥቅም አለው፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ ከደምቢያ የመጣው ነጋዴና ከዳባት የመጣው መምህር በአንድ ገጽ የሚሰፍሩበት የመጀመሪያው ሰነድ ነውና። ከእድሩ ቀጥሎ የእናቶች ቡናና ዕቁቡ፣ የጽዋ ማኅበሩም ይከተላሉ።

የአገልግሎቱ ነገር በአጭሩ የሚነገር ነው። የጎንደር ውኃ ለብዙ ዓመታት የተመሠረተው በደለል በተጠቃው በአንገረብ ግድብ ላይ ሲሆን፣ ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብ ግንባታም ለረጅም ጊዜ ተጓቷል። ስለዚህ ሮቶ፣ ማለትም የፕላስቲክ የውኃ ማጠራቀሚያ ያለው ቤተሰብ ፈረቃውን ይጠብቃል፤ የሌለው ግን ልጆቹን ጀሪካን አስይዞ ይልካል። በክረምት ጭቃው፣ በየዕለቱም የባጃጅና የሚኒባሱ ወጪ ይጨመራል።

ከሁሉ የከበደው ግን የደኅንነት ጉዳይ ነው። ሰውን ለገንዘብ ማገት በከተማውና በአካባቢው በተስፋፋባቸው በእነዚህ ዓመታት፣ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ አንዲት ታግታ የነበረች ሕፃን መገደሏ የጎንደርን ሕዝብ አደባባይ አውጥቶ አስለቅሶታል። ከዚያ ወዲህ ወላጆች በር ቢዘጉ ማንም አይፈርድባቸውም። ነገር ግን በር መዝጋት ብቻውን ልጅን አይጠብቅም፤ እንዲያውም መንገዱ ጭር ሲል እንግዳ ፊትን የሚለይ ዓይን ይጠፋል። ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱ ልጆች፣ በደጃቸው ጥጥ የሚፈትሉ እናቶችና በሱቁ በረንዳ የሚያወጉ አዛውንቶች ያሉበት መንገድ ከከፍተኛ አጥር ይልቅ ለልጅ የተሻለ ጥበቃ ነው። መንግሥት ወንጀለኛን የመያዝ ግዴታውን መወጣት አለበት፤ ነዋሪው ደግሞ መተዋወቁን ሊተው አይገባም።

በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢ ያለ ሌላ ምሳሌም ሰፈር ከቤት በላይ መሆኑን ያሳያል። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በግጭ መንደር ይኖሩ የነበሩ አርሶ አደሮች በ2008 ዓ.ም. ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ልጆቻቸው ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቀርበዋል፤ ወላጆቹ ግን በደቦና በወንፈል፣ ማለትም በጋራና በብድር ጉልበት ያርሱበት የነበረውን መሬት፣ ከብት የሚያግዱበትንም ሜዳ አጥተዋል። ቤትና አገልግሎት በቅርብ መገኘቱ የጋራ ሥራንና የጋራ መሬትን እንደማይተካ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

በከተማ ፕላን ላይ ለመጫወቻና ለአረንጓዴ ስፍራ የሚመደብ ቦታ አለ፤ ሳይታጠርና ሳይለማ ሲቆይ ግን የቆሻሻ መጣያ ይሆናል፣ ወይም ለሌላ አገልግሎት ይሰጣል። አጥሩን ለማሳመር ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለዚያ ሜዳ ቢውል የሰፈሩ ልጆች ብዙ ይጠቀማሉ። ስለዚህ በጎንደር ዳርቻዎች ዕጣ የደረሳችሁ የማኅበር አባላት ሁሉ፣ የቤታችሁን ካርታ በተረከባችሁበት ቀን የሜዳው ወሰን የት እንደሆነ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ፤ ችካሉ ሲተከልም በቦታው ተገኙ።