ሥራና ሹመት በጉባ

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጉባ ላይ የታላቁን የህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲያኖሩ ሥራው በ5 ዓመት ገደማ ይፈጸማል የሚል ተስፋ ለሕዝቡ ተሰጥቶ ነበር፤ ግድቡ የተመረቀው ግን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የገንዘብ ማጣቱም የግብፅ ሙግትም ለመዘግየቱ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ይሁን እንጂ ከሁሉ የከበደው ሥራው ለማን ተሰጠ፣ ማንስ ይመረምረው ነበር የሚለው ነገር ይመስለኛል።

የኮንክሪቱን ሥራ የያዘው በብዙ አገር ወንዝ ሲገድብ የኖረው የኢጣሊያው ሳሊኒ ሲሆን፣ የተርባይኑና የብረታ ብረቱ ሥራ ግን ከዚያ በፊት ግድብ ሠርቶ ለማያውቀው ለአገር ውስጡ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ተሰጠ። የአገር ልጅ ጥበበ እድን እንዲቀስም መመኘት የሚያስመሰግን ነው፤ ዳሩ ግን ደቀ መዝሙሩን ገና ፊደል ሳይለይ መምህር አድርጎ መሾም ለእርሱም አይበጀው፣ ለሥራውም አይበጅ።

በግድብ ሥራ ብረቱና ኮንክሪቱ ተራ ይጠባበቃሉ። ውሃውን ወደ ተርባይኑ የሚያወርደው፣ ሰው ቀጥ ብሎ የሚያልፍበት የብረት ቧንቧ በቦታው ሳይጋደም፣ መጋጠሚያው ሳይበየድ፣ ብየዳውም ሳይፈተሽ በዙሪያው ኮንክሪት አይፈስም፤ ስለዚህ ብረቱ የዘገየ እንደ ሆነ በዚያ በኩል ሠራተኛውም መኪናውም ሥራ ፈትቶ ይውላል፣ ተቋራጩም ሌላው ስላስተጓጎለው ቀን ካሣ ይጠይቃል። ጉባ ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

ታዲያ ተቈጪ አልነበረምን? አሠሪው የኤሌክትሪክ ኃይል መሥሪያ ቤትም ሠሪው ሜቴክም የአንድ መንግሥት ንብረት ነበሩና፣ ወንድማማቾች ሲዋዋሉ ዋስ እንደማይጠራሩ ሁሉ፣ ውል ቢጓደል የሚከስም የሚከሰስም አልተገኘም፤ ደመወዙን አስቈርጦ ቦንድ የገዛው ሕዝብም ነገሩን የሰማው እጅግ ዘግይቶ ነው።

በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም.፣ የግድቡ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ካረፉ ከአንድ ወር በኋላ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሥራው ከሜቴክ እጅ መውጣቱን አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ብረቱ በሙያው ለታወቁ የውጭ ኩባንያዎች ተከፋፈለ፣ የተርባይኑም ቍጥር ከ16 ወደ 13 ወረደ። ቀድሞ በ7 ዓመት አንድ ተርባይን እንኳ ሳይዞር ቀርቶ፣ በዚያው ወንዝና በዚያው በረሃ የመጀመሪያው ተርባይን በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ፣ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ።