ገጽ ለገጽ

የግእዝ መምህራን «ገጽ» የሚሉት ቃል ሁለት ነገር አቅፎ ይዟል፤ የሰው ፊት ማለት ነው፣ የብራናም ሆነ የወረቀት አንዱ ፊት ማለት ነው። አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ደብተሩን ዘርግቶ፣ እርሳሱን በመቅረጫ አሹሎ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ባልንጀራውን ሊሥል ሲነሣ ገጽን በገጽ ላይ ሊያኖር መነሣቱ ነውና፣ አውሮፓውያን «ፖርትሬት» የሚሉትን፣ እኛም የመልክ ሥዕል የምንለውን ይህን ጥበብ ለአንባቢ ለማስተዋወቅ ከዚህ ቃል የተሻለ ደጃፍ አላገኘሁለትም።

ትውውቁ በከሚሴ ይሁን። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወጣው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ፣ የቦርከናን ወንዝና የጨፋን ለምለም ረግረግ ወደሚያይበት ቆላ ወርዶ የሚያገኛት ይህች ከተማ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ርእሰ ከተማ ስትሆን፣ ሕፃናቷ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። ፊት ለእነርሱ «ፉላ»፣ ዓይን «ኢጃ»፣ ጆሮ «ጉራ» ነው፤ «አፋን» ደግሞ አፍም ቋንቋም ነውና፣ የከሚሴ ልጅ አፍን በሣለ ቁጥር፣ ሳያስበው የሚናገርበትን ቋንቋ በስሙ ይሥላል። የሥዕሉ ትምህርት ዛሬ በመርሐ ግብሩ «ክወናና እይታ ጥበባት» ከሚባለው ክፍል ይገኛል፤ ስሙ ረጅም ነው፣ ክፍለ ጊዜው ግን አጭር ነው።

ፈረንሳዊው ሊቅ ሉኬ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 ስለ ሕፃናት ሥዕል ባሳተመው መጽሐፍ እንዳብራራው፣ ሕፃን የሚሥለው በዓይኑ ፊት የቆመውን ነገር ሳይሆን በልቡ የሚያውቀውን ነው። ሦስት ወይም አራት ዓመት የሞላው ልጅ አንድ ክብ አድርጎ፣ ሁለት ነጥብ አስቀምጦ፣ እግሮችን ከራሱ ከክቡ ያበቅልና «እማዬ ናት» ይላል፤ ዘጠኝና አሥር ዓመት ሲሞላው ደግሞ ክቡ አካል አግኝቶ፣ ዓይን እንደ ዓሣ፣ አፍንጫ እንደ 7 ቁጥር፣ ፀጉር እንደ አጥር ጭራሮ ሆኖ ይጸናል። ይህ ከጸና በኋላ አባቱንም ወንድሙንም መምህሩንም በዚያው በአንዱ ማኅተም ያትማቸዋል። እኔ ራሴ በዚያ ዕድሜ የሣልኋቸው ሰዎች ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ የአንዲት እናት መንትዮች ይመስሉ ነበር። የመልክ ሥዕል መምህር ሥራው እንግዲህ ይህን ማኅተም ቀስ አድርጎ መስበር ነው፤ አጥብቆ ቢሰብረው ግን ልጁ «እኔ ሥዕል አልችልም» ብሎ እርሳሱን ለዘለዓለም ያስቀምጣልና ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ለዚህ የማውቀው ምርጥ መሣሪያ አንድ የሰንበሌጥ አገዳ ነው። መምህሩ «ዓይን በራስ ላይ የት ይቀመጣል?» ብሎ ቢጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ከላይ!» ይላል፤ ሥዕሎቹም ይህንኑ ይመሰክራሉ፤ ዓይኖቹ ከአናት ጥቂት ዝቅ ብለው ተቀምጠው፣ ከእነርሱ በታች ጉንጩና አገጩ እንደ ጨፋ ሜዳ ተንጣልሎ ይገኛል። ከዚያ አንዲት ተማሪ ከፊት ትቆማለች፤ አገዳው በፊቷ ጎን ቀጥ ብሎ ይያዝና፣ አናቷና አገጯ ትክክል በጥፍር ምልክት ተደርጎበት ይቆረጣል፤ እኩል ለሁለት ታጥፎ ከአገጯ ጀምሮ እንደገና ሲያዝ፣ እጥፋቱ ከዓይኗ ትክክል ላይ ያርፋል። ክፍሉ አያምንም። ሁለተኛ ልጅ ይጠራል፣ ሦስተኛ ይጠራል፣ እጥፋቱም ያው ከዓይን ላይ ነው፤ ፀጉርና ግንባር የራስን እኩሌታ የሚያህል ቦታ እንደያዙ፣ ዓይንም መካከለኛ እንደሆነ ያን ጊዜ ተረድተው፣ ደብተራቸውን አግድም አጥፈው በእጥፋቱ መሥመር ላይ ዓይን ያኖራሉ። የቀረው ልኬት ፈጥኖ ይነገራል፤ በሁለቱ ዓይኖች መካከል የአንድ ዓይን ስፋት አለ፣ ጆሮ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ግርጌ ይደርሳል። ጀርመናዊው ሠዓሊ ዱረር በ1528 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታተሙት አራት መጻሕፍቱ የሰውን አካል በልኬት የተነተነው በዚህ መንገድ ነበር፤ ነገር ግን ልኬት የማንም ሰው ፊት አይደለምና፣ ሕፃኑ የባልንጀራው አገጭ ከልኬቱ እንዳጠረ ወይም ግንባሩ እንደ ሰፋ ያየ ዕለት የመልክ ሥዕል ጀመረ እላለሁ።

ይህ ከአናት እስከ አገጭ በሥርዓት መውረድ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ «መልክእ» የሚባል የድርሰት ዓይነት አለ፤ ደራሲው የቅዱሱን አካል ከራስ ፀጉር ጀምሮ፣ ወደ ቅንድቡ፣ ወደ ዓይኑ፣ ወደ ጆሮው እየወረደ፣ ለየአካሉ «ሰላም» እያለ አንድ አንድ አርኬ ይደርሳል። የጥንቱ ሠዓሊም የራሱ ሕግ ነበረው፤ ጻድቁን ሁለት ዓይኑ እንዲታይ አድርጎ ወደ ተመልካቹ ፊቱን ሲመልስ፣ ኃጥኡንና ዲያብሎስን በአንድ ዓይን፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙሮ ይሥላቸው ነበር። ባልንጀራው በጎን ሲሥለው ቅር የሚለው ተማሪ ቢገኝ፣ ሳያውቀው ከዚህ ሕግ የተረፈ ነገር በልቡ ኖሮ ይሆናል ብዬ ፈገግ እላለሁ።

ከልኬቱ ሁሉ የሚከብደው ግን ማየቱ ነው። በወሎ ቤት ያደገ ሕፃን በታላቅ ፊት ዓይኑን መስበር ተምሮ ያደገ ነው፤ በሰው ላይ ማፍጠጥ «ዓይን አውጣ» ያሰኛል፤ ጨዋው ልጅ «ዓይነ አፋር» ተብሎ ይመሰገናል፤ «የሰው ዓይን» የሚባለውም ፍርሃት ከዚህ አይርቅም። እንግዲህ ቤቱ «አትይ» ያለውን ልጅ፣ ትምህርት ቤቱ «እይ» ሲለው፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ከክፍሉ የሚወጣው ሣቅ ብቻ ነው። ልባም መምህር ሣቁን አይቆጣም። በመጀመሪያው ቀን የዓይንን ቅርጽ ብቻ ያሥላል፤ በሁለተኛው ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ገጽ ለገጽ ካስቀመጠ በኋላ፣ ያለ እርሳስ ጥቂት ደቂቃ ተያይተው ጀርባ እንዲሰጣጡና እያንዳንዱ ስለ ባልንጀራው ፊት አምስት ነገር እንዲናገር ያዝዛል። ሁለት ዓመት በአንድ ወንበር የተቀመጠ ልጅ በጓደኛው ቅንድብ ላይ ያለውን ጠባሳ ያን ቀን ያየዋል።

በዚህ ላይ ነፍስ ያለውን ፍጡር መሣል በሃይማኖታቸው ስለሚያሳስባቸው ወላጆች መናገር ይገባል። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት በዚህ ዞን ጥያቄው ቢነሣ አያስደንቅም፤ በጉዳዩም የእስልምና ሊቃውንት አስተያየት አንድ አይደለም። መምህሩ ከወላጅ ጋር ተነጋግሮ፣ ልጁ በመልክ ፈንታ ልዩ ልዩ ቅርጾችን ወይም የስፌትን ንድፍ እንዲሥል ቢፈቅድለት ይሻላል፤ የሕፃን ሕሊና ለአንድ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ተብሎ የሚገፋ ነገር አይመስለኝም።

ሌላው ጉዳይ ቀለም ነው። ነጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ የተሣለ ፊት ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ የቆላው ልጅ ግን ጠይም ነው። ስለዚህ ከምድጃ የተለቀመ ከሰል ደቅቆ በጨርቅ መላ ወረቀቱ ይታሻል፣ ገጹ ሁሉ ይጠቁራል፤ ከዚያ ብርሃን ከሚያርፍበት ከግንባር፣ ከአፍንጫ ድልድይና ከጉንጭ አጥንት ላይ ጥቁረቱ በላጲስ ይነሣል። በዚህ ዘዴ ጨለማው መነሻ ሆኖ ብርሃኑ ይጨመራል፤ ጠይሙም ፊት ከወረቀቱ ቀስ እያለ ይወጣል። ጣቶች፣ እጅጌ፣ አልፎ አልፎም አፍንጫ ይጠቁራሉና ውኃ አስቀድሞ ቢዘጋጅ መልካም ነው።

ይህን የሚያስተምረው ሰው ከየት ይመጣል ቢባል፣ መልሱ የሚያስደስት አይደለም፤ አብዛኛው ጊዜ ሌላ ትምህርት ተምሮ ሥዕሉ በትርፍ የተሰጠው መምህር ነው። በቺካጎ ተምሮ የተመለሰው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራው፣ ብዙ ሠዓሊያን ቢያፈራም፣ ፍሬው ለእያንዳንዱ የገጠር ክፍል የሚዳረስ አይደለም። በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር የተወለደው ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ግን ለልጆቹ ሊነገራቸው የሚገባ ነው፤ የራሱን መልክ የሣለበት ሥዕል ፍሎረንስ በሚገኘው በኡፊዚ ቤተ መዘክር ተቀምጧል። ራስን መሣል መስታወት ይፈልጋል፤ መስታወት የሌለው ክፍል ባልንጀራን መስታወት ያደርጋል።

የመጨረሻው የቤት ሥራ ለእሑድ ይሰጣል። በዚሁ ዞን በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ በሰንበቴ ገበያ የሚውል ልጅ፣ ከሻጮቹ አንዷን መርጦ፣ ሳያፈጥጥባት፣ እግረ መንገዱን ሰርቆ አይቷት፣ እቤቱ ሲገባ ከትዝታው ይሣላት ይባላል። ሰኞ ጠዋት ደብተሮቹ ሲከፈቱ ብዙዎቹ ገጾች ሻሽና ጆሮ ጌጥ ብቻ ናቸው፤ ከመካከላቸው በአንዱ ግን የታችኛው ከንፈር ከላይኛው ወጣ ብሎ፣ ግራ ዓይን ከፀሐይ የተነሣ ጨፈን ብሎ ይገኛል፤ መምህሩም ደብተሩን አንሥቶ «ይቺን ሴት አውቃታለሁ» ይላል።