ሊኑክስ ወዲህ፣ ዊንዶውስ ወዲያ

ዳላስና ፎርት ዎርዝ የአየር መንገድ፣ የባንክና የቴሌኮም ድርጅቶች መናኸሪያ ነው፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ድርጅት ደግሞ ሥራውን ሁሉ በአንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲያሠራ ማየት ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያው የክራውድስትራይክ የተበላሸ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት፣ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ መሣሪያዎችን ከሥራ ውጭ ሲያደርግ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ፎርት ዎርዝ የሆነው አሜሪካን ኤርላይንስ በረራዎቹን ለጊዜው ለማቆም ተገዷል፤ ሊኑክስና ማክ ግን አልተነኩም። ሊኑክስንና ዊንዶውስን ጎን ለጎን የሚያስተዳድር ባለሙያ የሚደገፈው በሰነድ ነው። የአውቶሜሽን ሰነድ ደግሞ የአንዱን ሞጁል አቻ በሌላው ሲስተም መጠቆሙ ግማሽ ሥራ ነው፤ አቻነቱ የት ላይ እንደሚያበቃ ካልነገረ አንባቢውን ያሳስታል።

አንሲብልን እንውሰድ። ማይክል ዲሃን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው፣ ሬድ ሃት በ2015 የገዛው ይህ የአውቶሜሽን መሣሪያ ለሊኑክስ «ሰርቪስ»፣ ለዊንዶውስ «ዊን ሰርቪስ» የሚባሉ ሞጁሎች አሉት፤ ሰነዶቻቸውም አንዱ ወደ ሌላው ይመራሉ። ደግ ነው። ነገር ግን አገልግሎቱ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳ እንደሆነ የሊኑክሱ የሚጠይቀው አዎ ወይም አይ ብቻ ሲሆን፣ የዊንዶውሱ አራት ምርጫ ያቀርባል፦ በራሱ የሚነሳ፣ በራሱ ግን ዘግይቶ የሚነሳ፣ በእጅ የሚነሳና የተዘጋ። የሊኑክሱ «አዎ» ከፊተኞቹ ሁለቱ የትኛው ነው? ጥቆማው አይመልስም። «ኮፒ» ላይ 0644 ብሎ የፋይሉን ፈቃድ መወሰን ይቻላል፤ «ዊን ኮፒ» ግን ይህ መስክ ስለሌለው ፈቃዱ «ዊን ኤሲኤል» በሚባል ሌላ ሞጁል ይሰጣል። ይህን ያላወቀ ሰው ፋይሉ መድረሱን አይቶ ይሄዳል፤ ማን እንደሚያነበው ግን አልወሰነም።

«ታዲያ ለምን አንድ ሞጁል አይሆንም?» ይባል ይሆናል። ሌላው የአውቶሜሽን መሣሪያ ፓፔት ለሁሉም ሲስተም አንድ የፋይል ዓይነት አበጅቷል፤ ሆኖም የሊኑክሱ ፈቃድ ወደ ዊንዶውስ ሲመነዘር ሁሉን ስለማይሸፍን የተለየ የኤሲኤል ሞጁል አስፈልጓል። የአንሲብል «ፓኬጅ» ሞጁልም ጫኙን ይመርጣል እንጂ የሚጫነውን ሶፍትዌር ስም አይለውጥም፤ አፓቼ በሬድ ሃት «ኤችቲቲፒዲ»፣ በኡቡንቱ «አፓቼ2» ነው። ልዩነቱ ከተጻፈ ሰነዱ ይንዛዛል፣ ኮዱ ሲቀየርም ያረጃል የሚለው ተቃውሞ ግን ይከብዳል፤ በተለይ ከ2020 ወዲህ ሞጁሎቹ በየስብስባቸው ተለያይተው ስለሚወጡ። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ ይዘርዘር አልልም። አንድ ዓይነት ሐሳብ የተለየ ውጤት በሚያመጣበት ቦታ ብቻ ሁለት መስመር ይበቃል። የእነዚህ ሰነዶች ምንጭ ለሁሉም ክፍት ነውና፣ በዳላስ ዙሪያ በሪቻርድሰንም ሆነ በጋርላንድ ከዚህ ሥራ ጋር የምትታገሉ አንባቢዎች እንዲህ ያለ ልዩነት ስታገኙ ጽፋችሁ ለሰነዶቹ አዘጋጆች ላኩ።