ትኩሳት፦ የበሽታ ምልክት እንጂ ራሱ በሽታ አይደለም

ትኩሳት የያዘውን ሕፃን «ምች ነው» ብሎ በጋቢ ጠቅልሎ ማላብ በብዙ ቤት የተለመደ ቢሆንም፣ መጠቅለሉ ሙቀቱን አፍኖ ትኩሳቱን ያባብሰዋል፤ በዚህ የተነሳ የሕክምና ምርመራ መዘግየቱም ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል።

ተሕዋስያን ወደ ሰውነት ሲገቡ ሃይፖታላመስ የተባለው የሙቀት መጠንን የሚቆጣጠር የአንጎል ክፍል ሙቀቱ ከፍ እንዲል ስለሚያደርግ፣ ትኩሳት የሰውነት የመከላከያ ምላሽ ሲሆን፣ በአጠቃላይ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ የሆነ ሙቀት ትኩሳት ይባላል። ትኩሳት ሲያጋጥም የሚከተሉትን ማስተዋል ይገባል፦

1. የሕመምተኛውን ልብስ ማቅለልና ፈሳሽ ወይም የእናት ጡት ደጋግሞ መስጠት ይገባል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ ግን ስለሚያንቀጠቅጥ አይመከርም።

2. ፓራሲታሞል ለልጆች የሚሰጠው በክብደታቸው ልክ፣ ማለትም ለአንድ ኪሎ ግራም ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ተሰልቶ፣ ቢያንስ በ4 ሰዓት ልዩነትና በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ ነው፤ አስፒሪን ግን አንጎልንና ጉበትን የሚጎዳውን የሬይ ሕመም ሊያስከትል ስለሚችል፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለልጆች አይሰጥም።

3. በኢትዮጵያ ወባ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች በሆኑ አካባቢዎች ስለሚገኝ፣ በዚያ የሚኖር ወይም ከዚያ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ሲይዘው በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ ሊያደርግ ይገባል።

4. ዕድሜው ከ3 ወር በታች የሆነ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው፣ አንገቱ የተገተረ፣ ሰውነቱን ያንዘፈዘፈው ወይም ራሱን የሳተ ትኩሳታም ልጅ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል።