ቤት ያልቆመበት መሬት፦ ስለ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ከተሞች የሰፈር ፕላን

በሰሜን ሸዋ ደጋ በሚገኙት ትንንሽ ከተሞች፣ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በዘመሮ፣ በራቤልና በአለም ከተማ፣ አዲስ የመኖሪያ ሰፈር በፕላን እንዲለማ ሲወሰን ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ ከመሬቱ ስንት ቦታ ይወጣል የሚል ነው። ጥያቄው ከቤት ማኅበራት አባላትም፣ ከመሬት አስተዳደር ባለሙያዎችም፣ ከከተማ አስተዳደር ካቢኔዎችም በአንድ ዓይነት አነጋገር የሚሰማ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ ቤት ያልቆመበት መሬት ሁሉ ገና ያልተሰጠ መሬት ነው የሚል ጽኑ እምነት ነው። የደጋውን ሰፈሮች ከገንዘብ እጥረት ባልተናነሰ የጎዳው፣ የፕላን ባለሙያዎችንም ለዓመታት በአንድ ክርክር ላይ ያደከመው ይኸው እምነት ነው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የከተማ ፕላንን በሁለት ደረጃ ይደነግጋል። የመጀመሪያው መዋቅራዊ ፕላን ሲሆን፣ ከተማው በ10 ዓመት ውስጥ በየት አቅጣጫ እንደሚያድግ፣ የትኛው ክፍሉ ለመኖሪያ፣ የትኛው ለንግድ፣ የትኛው ለአረንጓዴ ሥፍራ እንደሚውል የሚወስን ነው፤ ሁለተኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ሲሆን፣ አንዱን የከተማ ክፍል ለይቶ የቦታውን ስፋት፣ የሕንፃውን ከፍታ፣ ቤቱ ከወሰን የሚርቅበትን ልክ፣ የመንገዱንና የፍሳሹን መስመር በዝርዝር ያስቀምጣል። በፕላን የሚለማ የመኖሪያ ሰፈር የሚባለውም በዚህ በሁለተኛው ደረጃ የሚታይ፣ ቤቶቹ፣ መንገዶቹና የጋራ መሬቱ እንደ አንድ ሥራ ታስበው በአንድነት የሚጸድቁበት ሰፈር ነው። በአገሪቱ የሚሠራበት መርሕ ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ሥፍራ፣ 40 በመቶው ለሕንፃ እንዲውል ይጠይቃል፤ በሚጸድቀው ወረቀት ላይም ይህ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ተሟልቶ ይገኛል። ችግሩ የሚጀምረው ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ ነው።

ደጋግሞ የሚያጋጥመው ጉዳይ አንድ ዓይነት መልክ አለው። ፕላን አዘጋጁ የክረምት ውኃ የሚወርድበትን ረባዳ መርጦ ከሰፈሩ መካከል በአረንጓዴ ቀለም ይተወዋል፤ ቤቶቹ ዙሪያውን ይሠራሉ፤ ጥቂት ዓመታት አልፈው አዲስ የተደራጀ የቤት ማኅበር ቦታ ሲጠይቅ ረባዳው ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ማሻሻያ ተብሎ በአንድ ቃለ ጉባኤ ለመኖሪያ ይለወጣል፤ ቀያሽ ተልኮ ችካል ይመታል፤ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታም ይሰጣል። ያንን መሬት ባዶ ያደረገው ሰው ሳይሆን ውኃው መሆኑን የሚጠይቅ አይገኝም። በሐምሌና በነሐሴ ጎርፉ የቀድሞ መንገዱን ይዞ በአዲሶቹ ቤቶች ወለል ሲያልፍም ጥፋቱ በዝናቡ ወይም በቦይ መጥበብ ይመካኛል።

የውኃው ሒሳብ ቀላል ስለሆነ ሊታለፍ አይገባውም። አንድ 100 ስኩዌር ሜትር የሚሸፍን የቆርቆሮ ጣሪያ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት 3,000 ሊትር ውኃ ያፈሳል፤ ሁለት መቶ እንዲህ ያሉ ቤቶች በአንድ ተዳፋት ላይ ሲቆሙ በዚያው ዝናብ 600,000 ሊትር ውኃ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ይህም ከየግቢው ንጣፍና ከመንገዱ የሚጨመረውን ሳይቆጥር ነው። ቀድሞ ይህንን ውኃ ሣሩና የእርሻ ትልሙ እያዘገዩ ይለቁት ነበር። አፈሩ መረሬ፣ ማለትም ሲርስ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር በሆነበት ስፍራ ደግሞ ጉዳቱ በጎርፍ ብቻ ሳያበቃ መሠረትን ከፍና ዝቅ እያደረገ ግድግዳ ወደ መሰንጠቅ ይሄዳል። ስለዚህ በሰፈር መካከል ያለው ረባዳ ልክ እንደ መንገድና እንደ ቧንቧ ሥራ የሚሠራ መሠረተ ልማት ነው፤ ቦይ ለመቆፈር በጀት የሌለው ማዘጋጃ ቤት ያለ ወጪ ያገኘውን ቦይ በቤት ሲደፍን ኪሳራውን ለነዋሪው እያስተላለፈ ነው።

ከውኃው ቀጥሎ ሁለተኛው ጉዳይ ፀሐይ ነው፤ ይህም በደጋው ፕላኖች ላይ ከሁሉ ይበልጥ የተረሳ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ በ3,100 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ አለም ከተማ በ2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ስለሚቀንስ በሁለቱ መካከል የ5 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። በመንዝ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን ውርጭ ያድራል፤ ማገዶ ብርቅ በመሆኑ ኩበት ይነዳል፤ የቤት ውስጥ ሙቀት ዋና ምንጭ የቀን ፀሐይ ነው። በእነዚያው ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ዘንበል ብላ ታልፋለች፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ በመሐል ሜዳ ሰማይ እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ 56 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። እስከ ጣሪያው 7 ሜትር ከፍታ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት በደቡብ በኩል ቆሞ ከሰሜን ጎረቤቱ በ3 ሜትር ብቻ ቢርቅ፣ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ጥላው የጎረቤቱን ግድግዳ እስከ 2.5 ሜትር ድረስ ይሸፍነዋል፤ በዚህም ምክንያት ምድር ቤቱ በብርዱ ወራት በመስኮቱ በኩል ፀሐይ ሳያገኝ ይሰነብታል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ደግሞ የዚያው ቤት ጥላ 17 ሜትር ያህል በምዕራብና በሰሜን መካከል ይዘረጋል።

ለአዲስ አበባ የታሰበ የወሰን ርቀት ሳይመረመር ወደ መሐል ሜዳ ሲዛወር የሚዛወረው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ቁጥሩን የወለደው ምክንያት እዚያው ይቀራል። የንድፍ ደረጃ፣ ማለትም ቤትና ሰፈር ሊያሟሉት የሚገባ ዝቅተኛ ልክ፣ ዋጋ የሚኖረው ከምክንያቱ ጋር ሲሄድ ነው። በመሐል ሜዳ ሰፈር ቤቶቹ ረጅም ጎናቸውን ወደ ደቡብ እንዲሰጡ፣ ፎቅ ያላቸው በሰሜኑ ዳር እንዲሰለፉ፣ የጋራው ሜዳ በቤቶቹ ደቡብ በኩል እንዲውል ቢደነገግ ክፍት ቦታው ለእያንዳንዱ ቤት የፀሐይ መግቢያ ይሆናል። በአለም ከተማ ግን ከጀማና ከወንጪት ሸለቆዎች ጋር የሚዋሰነው አምባ የበጋው ሙቀት የሚያስቸግረው በመሆኑ፣ ደንቡ ጥላና ዛፍ ያለው አደባባይ መጠየቅ ይኖርበታል። በአንድ ዞን ውስጥ ላሉ ለሁለቱም ከተሞች አንድ ዓይነት ገጽ አባዝቶ ማጽደቅ የፕላን ሥራ ሊባል አይችልም።

ሦስተኛው የመሬቱ ራሱ ጠባይ ነው። የሰሜን ሸዋ ምሥራቃዊ ገደል በስምጥ ሸለቆው ዳርቻ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ ርዕደ መሬት ከመንዝ ግርጌ የምትገኘውን የማጀቴን ከተማ አፍርሷታል፤ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በጣርማበር ወረዳ በደብረ ሲና አካባቢ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ብዙ ቤቶችን አፍርሶ ሰዎችን አፈናቅሏል፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥም በደጋው ተሰምቷል። ከገደል አፋፍ የሚተወው ርቀት፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ የሚሰበሰብበት ሜዳ፣ ቢወድቅ ሌላውን የማይመታ የሕንፃ ክፍተት፣ እነዚህ ሁሉ ቤት ያልቆመበት መሬት ናቸው።

ክፍት ቦታው የለቅሶ ድንኳንና የሠርግ ዳስ መትከያ፣ እህል ማስጫ፣ ኩበት ማድረቂያ፣ የሕፃናት መጫወቻና የበጎች ማሰማሪያ መሆኑን ነዋሪው ከማንም በላይ ስለሚያውቀው እዚህ ላይ መዘርዘር አያስፈልግም።

ዋናው ጉዳይ ግን የጋራው መሬት የማን ነው የሚለው ነው። የቤት ማኅበሩ አባል ለቤቱ ካርታ አለው፤ ለሰፈሩ ሜዳ ግን ማንም ካርታ የለውም። የሕዝብ ነው ይባላል፤ በተግባር ግን የሚጠብቀው፣ የሚከስለት፣ ሲነካ አቤት የሚልለት ወገን የለም። በጥቂት ባለሙያዎች የሚሠራ ማዘጋጃ ቤት እያንዳንዱን ረባዳ መጠበቅ አይችልም፤ ከዚህም በላይ መሬቱን እንዲጠብቅ የሚታመነው አካልና መሬቱን ለአዲስ ጠያቂ እንዲያድል የሚገፋው አካል አንድ ነው። በሌሎች አገሮች በፕላን የሚለማ ሰፈር ደንብ ሲወጣ አስቀድሞ የተፈታው ቋጠሮ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካ ኒው ጀርዚ ግዛት የተመሠረተው የራድበርን ሰፈር፣ ክላረንስ ስታይንና ሄንሪ ራይት የነደፉት፣ ቤቶቹን በመናፈሻ ዙሪያ ሲያሰባስብ መናፈሻውን በነዋሪዎች ማኅበር እጅ አድርጎታል።

በኢትዮጵያም እንዲህ ያለ ሕግ እንግዳ አይደለም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ቤቱን የግል፣ ደረጃውን፣ ጣሪያውንና ግቢውን ደግሞ የጋራ አድርጎ፣ የጋራውን የሚያስተዳድር የባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋም ይደነግጋል፤ አዋጁ በፎቅ ለተደራረቡ ቤቶች ብቻ የተወሰነ ሳይሆን ጎን ለጎን ተያይዘው ለሚሠሩ ቤቶችም የሚያገለግል ነው። ይህ ሁሉ እያለ አዋጁ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሕግ ብቻ ተደርጎ ስለሚታይ፣ በደጋው ከተሞች ለሚሠሩ ተያያዥ ቤቶች የሚጠቅስ ባለሙያ እንኳ እምብዛም አይገኝም።

የጋራ ነገር አይጠበቅም፣ ሕዝቡ አልለመደውም የሚለው መልስ ደጋግሞ ይሰጣል፤ በመንዝ ምድር ላይ ቆሞ ይህንን መናገር ግን ከሁሉ የሚያሳዝን ነው። ከመሐል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የጓሳ ምድር፣ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውርጫማ ሜዳ፣ ለመቶዎች ዓመታት የተጠበቀው ቀሮ በሚባል የጋራ አስተዳደር ነው። አቅኚ አባቶች ተብለው ከሚታወቁት ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ባለ መብቶች አለቃ እየመረጡ፣ ጣሪያ የሚከደንበትንና ገመድ የሚገመድበትን የጓሳ ሣር ለዓመታት ዘግተው ያሳድጉ ነበር፤ በውሳኔ ሲከፈትም በቅድሚያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ከዚያ ከብት ይገባል፣ ክረምቱ ሲገባም ይዘጋል፤ ደንቡን የጣሰም ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቀሮውን ሥርዓት መሠረት ሲያፈርሰው ሜዳው ተጎዳ፤ ኅብረተሰቡ ግን አስተዳደሩን በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሞ በመጨረሻ የክልሉ መንግሥት በሕግ እንዲያውቀው አድርጓል። ከዚህ የሚታየው የጋራ መሬት ተጠብቆ እንዲቆይ ሦስት ነገሮች መሟላት እንዳለባቸው ነው፤ ባለ መብቶቹ በስም የታወቁ መሆን አለባቸው፣ የአጠቃቀሙ ጊዜና ልክ የተወሰነ መሆን አለበት፣ ቀጪው ደግሞ ቅርብ መሆን አለበት። በከተማው ፕላን ላይ በአረንጓዴ የተቀባው ረባዳ ከሦስቱ አንዱንም አላገኘም። የቀሮ ልጆች ወደ ከተማ ገብተው የቤት ማኅበር አባል ሲሆኑ ይህን ችሎታ የሚያጡበት ምክንያት የለም፤ የጎደለው መብቱን የሚሰጣቸው ወረቀት ነው።

ከቦታ ጠያቂዎች ወገን የሚቀርበው መቃወሚያ ግን በአክብሮት ሊሰማ ይገባል። ለዓመታት ቆጥቦ ተራ የሚጠብቅ መምህር ወይም ነርስ ክፍት ሜዳ ሲያይ ቁጭት ቢያድርበት አይፈረድበትም፤ ለከተማ መስፋፊያ የሚወሰደው መሬትም ከአርሶ አደር የሚወሰድ ነው። ይሁን እንጂ ክፍት ቦታ መተው የቤት ቁጥር መቀነስ ነው የሚለው ስሌት ስሕተት ነው። አንድ መቶ ቤት እያንዳንዱ 200 ስኩዌር ሜትር ቢይዝ 20,000 ስኩዌር ሜትር ያስፈልጋል፤ ቦታው ወደ 160 ቢወርድና ቤቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ግድግዳ ቢጋሩ የቤቱ ቁጥር ሳይነካ 4,000 ስኩዌር ሜትር ለጋራ ይተርፋል። የጋራው ግድግዳ ድንጋይና ሲሚንቶ ይቆጥባል፣ ሙቀት ይይዛል፤ የቦታው ግንባር ሲጠብም የመንገዱ፣ የቧንቧውና የመብራት መስመሩ ርዝመት ያጥራል። በድንጋይ ቤት አሠራሩ ለሚታወቀው ለመንዝ ግንበኛ ይህ ከባድ ሥራ አይሆንም፤ የጋራው ግድግዳ ግን ለርዕደ መሬት እንዲጸና በጭቃ ብቻ ሳይሆን ማሰሪያ ተደርጎለት እንዲገነባ ደንቡ መጠየቅ አለበት።

ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች የአካባቢ ልማት ፕላን በሚጸድቅበት ጊዜ የጋራው መሬት ወሰን ተቀይሶ፣ ከቤቶቹ ካርታ አስቀድሞ የራሱ ካርታ በሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር ስም ሊወጣለት ይገባል፤ ለመጀመሪያው ቤት የግንባታ ፈቃድም ከዚያ በፊት ሊሰጥ አይገባም። የውኃ መውረጃ የሆነ ረባዳ በማናቸውም ማሻሻያ ለመኖሪያ እንዳይለወጥ በፕላኑ ማብራሪያ ጽሑፍ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ሌላው ክፍት ቦታ መለወጥ ካስፈለገም በካቢኔ ቃለ ጉባኤ ብቻ ሳይሆን ቤታቸው በዙሪያው ያሉ ባለ ካርታዎች ተጠርተውና ተስማምተው ይሁን። እድሩ ድንኳኑንና ወንበሩን በሚያስተዳድርበት ሥርዓት የሜዳውን አጥርና ቦይ ጥገና ቢረከብ አዲስ ጽሕፈት ቤት መክፈት አያስፈልግም። ፕላናቸው በክለሳ ላይ ያለ ከተሞች ይህን አንቀጽ ለማስገባት የሚቀጥለውን የ10 ዓመት ዑደት መጠበቅ የለባቸውም።