የፒፓ ትምባሆ ስምና አሻሻጥ

በአሜሪካ አንዱ ሱቅ በራሱ ስም የሚሸጠው የፒፓ ትምባሆ፣ በሌላ ከተማ በሌላ ስም ሲሸጥ ይገኛል። ስሙ ይለያይ እንጂ ዕቃው ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ሊሆን ይችላል። ይህም የቆየ የንግድ ልማድ ነው።

የፒፓ ትምባሆ የሚሸጠው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ፋብሪካው በቆርቆሮ አሽጎ የራሱን ምልክት የለጠፈበት ነው። ሁለተኛው ባለሱቁ በጅምላ ገዝቶ፣ በብርጭቆ ዕቃ አኑሮ፣ በሚዛን የሚቸረችረው ነው። ባለሱቁም እንዳለ ወይም ከሌላ ጋር ቀይጦ፣ የወደደውን ስም ያወጣለታል።

ስለዚህ ዕቃውን የሚያስረዳው የሱቁ ስም ሳይሆን የቅጠሉና የአሠራሩ ስም ነው። ላታኪያ እንደ ወተት ዕቃ በእንጨት ጢስ የታጠነ ቅጠል ነው፤ ስሙን ያገኘው ከሶርያ ወደብ ሲሆን፣ በቆጵሮስ የተሠራውም በዚሁ ስም ይሸጣል። ፔሪክ በሉዊዚያና በበርሜል ታምቆ የተብላላ ነው። ካቨንዲሽ ግን የቅጠል ዘር ሳይሆን የአሠራር ስም ነው፤ ብዙ ጊዜም ቫኒላ ወይም ሌላ ጣዕም ይጨመርበታል።

አልፍሬድ ደንሂል በ1907 እ.ኤ.አ. በለንደን ዱክ ስትሪት ሱቅ ከፍቶ፣ ለየደንበኛው የሚስማማውን ቅይጥ እየሠራ በመዝገብ በቁጥር ያሰፍር ነበር። ከእነዚህ አንዱ፣ ቁጥር 965፣ ኋላ በቆርቆሮ ታሽጎ ለገበያ ቀረበ። በ2018 እ.ኤ.አ. የደንሂል ስም ከፒፓ ትምባሆ ላይ ሲነሣ፣ ቅይጡ በፒተርሰን ስም መሸጡን ቀጠለ፤ ቁጥሩ ግን አልተለወጠም። ደንበኛውም የለመደውን ዕቃ በቁጥሩ ለይቶ ለመጠየቅ ቻለ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። በራሱ ስም የሚሸጥ ባለሱቅ የቅይጡን ዓይነትና መጠን በመዝገብ ሊጽፍ ይገባዋል። አቅራቢው ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው ሲለወጥ፣ በዚያው ስም ሌላ ዕቃ ቢሸጥ ደንበኛው ይሸሻል።

ሁለተኛው ለአገራችን አስመጪ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ ይከለክላል። ሕጉ የሚመለከተው የቆርቆሮውን ስም ሳይሆን በውስጡ ያለውን ነው። ቫኒላ የሚል ቃል ያልተጻፈበት ዕቃም ቫኒላ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ አስመጪው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት፣ የቅጠሉን ዓይነትና የተጨመረበትን ነገር ሁሉ ከፋብሪካው በጽሑፍ ይጠይቅ።